ሕፃናት ይዞ ለሚበር ወላጅ፦ አየር መንገድ እንዴት ይመረጣል?

በአሽቀሎን በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ይህን ንግግር ያደረግሁት በከተማችን ለተሰበሰቡ ወላጆች ነው። በዕለቱ ያልተገኛችሁ ብዙ ስለሆናችሁ እንደ ተናገርሁት አድርጌ በጽሑፍ አቅርቤላችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ የቴል አቪቭ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። ከአጠገቤ አንዲት ወጣት እናት ተቀምጣለች። አንዱን ልጅ በአንቀልባ አዝላለች፤ አራት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጇ ደግሞ ሻንጣው ላይ ወጥታ እግሯን ታወዛውዛለች። «ወዴት ነው እኅቴ?» አልኋት። «ጎንደር ነው እትዬ፣ እናቴ ዘንድ። ልጆቼን አንድ ቀን እንኳ አላየቻቸውም» አለችኝ። ዛሬ ሌሊት እንደምትበር ነገረችኝና ሰዓቱን እንዳይላት ቲኬቷን ሰጠችኝ። ቲኬቱ «እሑድ 00:40» ይላል። ውድ አንባቢዎች፣ ያ አውሮፕላን የሄደው ባለፈው ሌሊት፣ እርሷ ልጆቿን አቅፋ በተኛችበት ሰዓት ነው።

እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ስነግራትም መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ አብረን ቲኬቱን ወደ ሸጠላት ቢሮ ደወልን። በመጨረሻ ቅጣት ከፍላ ከሦስት ቀን በኋላ ሄደች፤ እናቷም የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት በቁ። ነገር ግን ቅጣቱ የብዙ ወር ቁጠባዋን ወሰደባት። ጥፋቱ የማን ነው? የአየር መንገዱ አይደለም። የእርሷ ብቻ ነው ለማለትም አልደፍርም። ዋጋ የሚነግራት ሰው ሞልቶ ነበር፤ ቲኬት እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚነበብ የነገራት ግን አልነበረም። ይህ ንግግር ለእርሷና ለመሰሎቿ የተዘጋጀ ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንመጣ አየር መንገድ አልመረጥንም። በግንቦት ወር 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ግንባሬ ላይ ቁጥር ተለጥፎብኝ፣ ታናሽ ወንድሜን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ወንበሩ በተነሣበት አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጬ መጣሁ። በዚያ ቀን አንድ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻውን 1,088 ሰው እንደ ጫነ በዓለም ክብረ ወሰን ተመዝግቧል። ያ የነፍስ ማዳን ጉዞ ነበር፤ ማንም ወንበር አልጠየቀም፤ መጠየቅም አይገባም ነበር። ዛሬ ግን ገንዘባችንን ከፍለን የምንሄድ መንገደኞች ነን። ሆኖም ብዙዎቻችን አሁንም «የተሰጠንን እንቀበል» በሚል መንፈስ ቲኬት እንገዛለን። መጠየቅ ነውር አይደለም። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው እንዲያውም ግዴታ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሁን? አብዛኛው ሰው «ስንት ነው?» ይላል። እኔ ግን «ልጄ ስንት ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል? በመካከሉስ ኃላፊው ማን ነው?» በሉ እላችኋለሁ። ጉዞው ቤን ጉሪዮን ላይ አይጀምርም፤ ቦሌ ላይም አያልቅም። ከአሽቀሎን ተነሥታችሁ አያቱ ደጅ እስክትደርሱ ያለውን ሁሉ ቁጠሩ። አውቶቡስ ወይም ባቡር፣ ቤን ጉሪዮን፣ ቦሌ፣ የአገር ውስጥ በረራ፣ ከዚያ አዘዞ የሚገኘው የጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከዚያም ታክሲ። እያንዳንዱ መተላለፊያ ልጁን ከእንቅልፉ መቀስቀስ፣ ሻንጣ መቁጠርና መሰለፍ ማለት ነው። ለአንድ ጎልማሳ ቀላል የሆነው ነገር ለአንድ ዓመት ሕፃን ከባድ ነው።

ከቴል አቪቭ አዲስ አበባ ቀጥታው በረራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። በሌላ አገር የሚያልፈው ግን መቆያው ተጨምሮበት ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይፈጃል። ታዲያ በዋጋ ዝቅ ስለሚል ያጓጓል። እኔም ተታልዬበታለሁና ልንገራችሁ። ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት ልጆቼ የ14 ወርና የአራት ዓመት ሕፃናት ሳሉ፣ ገንዘብ ላተርፍ ብዬ በሦስተኛ አገር የሚያልፍ ጉዞ ገዛሁ። ያውም አንድ ቲኬት ሳይሆን ከሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ሁለት ቲኬት ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘገየ። ስደርስ ሁለተኛው ሄዷል። የመጀመሪያውን ስጠይቅ «እኛ እስከዚህ ልናደርስሽ ነበር፣ አድርሰናል» አለኝ፤ ሁለተኛው «በሰዓትሽ አልመጣሽም» አለኝ። ሁለቱም በደንባቸው ልክ ናቸው። እኔ ግን በማላውቀው አገር ወለል ላይ ነጠላዬን አንጥፌ፣ ልጆቼን በግራና በቀኝ አስተኝቼ አደርሁ። ዳይፐሩ ከሻንጣው ጋር ነበር፤ ሻንጣው ደግሞ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። አዲስ ቲኬት ስገዛ ያተረፍሁት ሁሉ ሄደ፤ ሌላም ጨመርሁበት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ስለሆነም የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። ከተቻለ ቀጥታ በረራ ምረጡ። ካልተቻለ ደግሞ ጉዞው ሁሉ እስከ መጨረሻው ከተማ ድረስ በአንድ ቲኬት፣ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ይሁን። በአንድ ቲኬት ከሆነ አንደኛው በረራ ዘግይቶ ሌላው ቢያመልጣችሁ የሚቀጥለውን የመፈለግ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ይህ ለአገር ውስጡም ይሠራል። የጎንደሩን ወይም የባሕር ዳሩን በረራ ለብቻው ከገዛችሁት የሚፈቀደው የሻንጣ ክብደት ሊያንስ ይችላል፤ ቢያመልጣችሁም ማንም አይጠየቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ በራሱ አውሮፕላን ለሚመጣ መንገደኛ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ የሚያደርግበት አሠራር ስላለው፣ ቲኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። ያቺን እናት የጎዳት ይህ ነው። እኛ በሦስት አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ነን። በአገራችን ልማድ «የእሑድ ሌሊት» ማለት እሑድ መሽቶ የሚመጣው ሌሊት ነው። በአይሁድ ሥርዓት ቀን የሚጀምረው ከምሽት ስለሆነ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ እሑድ ገብቷል። በአየር መንገድ ደግሞ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። እንግዲህ «እሑድ 00:40» ማለት ቅዳሜ ማታ ቤት ለቅቆ መሄድ፣ ማለትም ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። «02:00» የሚለውንም አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች የጧት ሁለት ሰዓት አድርገው ይወስዱታል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ቲኬት ስትገዙ ወኪሉን «ከየትኛው ቀን ለየትኛው አጥቢያ ነው? ቤቴን የምለቀው በስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና በአማርኛ በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

ይህ ከሻባት ጋርም ይያያዛል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሻባት እስኪወጣ ድረስ ከአሽቀሎን ጣቢያ አውቶቡስም ባቡርም አይነሣም። በበጋ ወራት ሻባት የሚወጣው በጣም መሽቶ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ የሚያስፈልገው ሰው፣ ቅዳሜ ሌሊት በሚነሣ በረራ ላይ አውቶቡስ ተማምኖ ሊሄድ አይችልም። ታክሲ መያዝ ሊኖርበት ነው፤ ሻባት ለሚያከብር ቤተሰብ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። በባቡር መሄድም ቢሆን ከአሽቀሎን ተነሥቶ አብዛኛውን ጊዜ ቴል አቪቭ ላይ መቀየር አለበት። በሁለት መቶ ሸቀል የሚረክሰው በረራ የሦስት መቶ ሸቀል ታክሲ የሚያስከፍላችሁ ከሆነ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ የበረራውን ሰዓት ከአውቶቡሱ ሰዓት ጋር አስተያይታችሁ ምረጡ። ቦሌ የምትደርሱበትንም ሰዓት ተመልከቱ። የአገር ውስጡ በረራ ብዙ ሰዓት የሚያስጠብቅ ከሆነ ልጆችን አዳራሽ ውስጥ ከማንገላታት አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አሳድሮ በማግስቱ መቀጠል ይሻላል።

ሦስተኛው ወንበር ነው። በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወላጅ ጭን ላይ ይሄዳል፤ በዓለም አቀፍ በረራ የሚከፈልለትም ከትልቅ ሰው ዋጋ ዐሥር በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ዓመት የሞላው የራሱ ወንበር ሊኖረው ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚቆጠረው ልጁ በሚበርበት ቀን ያለው ዕድሜ ነው። ስትሄዱ የ23 ወር ሆኖ ጎንደር ላይ ሁለት ዓመት ከሞላው፣ ለመመለሻው ወንበር ያስፈልገዋል። አንድ ትልቅ ሰው በጭኑ ሊይዝ የሚችለውም አንድ ሕፃን ብቻ ነው። ተጨማሪ የኦክስጅን ጭንብል በየረድፉ የተወሰነ ስለሆነ፣ ሕፃን የያዘ ሰው የትም ቦታ ሊቀመጥ አይችልም። መንታ ይዛ ብቻዋን የምትሄድ እናት ይህን አስቀድማ ማወቅ አለባት።

በረጅም በረራ ላይ፣ ለምሳሌ ከዚህ ኒው ዮርክ 11 እና 12 ሰዓት በሚፈጀው፣ ከፊት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የሕፃን አልጋ፣ በዕብራይስጥ ዐሪሳ የሚሉት፣ ትልቅ ዕረፍት ነው። ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው፤ የሚፈቀደውም የሕፃን ክብደት ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል። በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ብዙ ጊዜ ጨርሶ የለም። ስለዚህ «አልጋ አላችሁ?» ማለት አይበቃም። «በዚህ በረራ ላይ፣ በዚህ የአውሮፕላን ዓይነት፣ ለዚህ ኪሎ ልጅ አለ? በስሜ ተይዟል?» ማለት ያስፈልጋል።

አቅሙ ላለው ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ላለውም ልጅ ወንበር መግዛት ከሁሉ የተሻለ ነው። ለምን እንደ ሆነ ላስረዳ። በሐምሌ ወር 1989 በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ሱ ሲቲ ከተማ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ተከሰከሰ። በውስጡ ወንበር ያልተገዛላቸው አራት ሕፃናት ነበሩ። በዘመኑ በነበረው መመሪያ መሠረት ወላጆቻቸው እግራቸው ሥር ወለል ላይ እንዲያስቀምጧቸው ተነገራቸው። ከአራቱ አንዱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪዎች እያንዳንዱ ሕፃን በራሱ ወንበር፣ ለአውሮፕላን በተፈቀደ የሕፃን መቀመጫ ታስሮ እንዲሄድ ሲወተውቱ ኖረዋል። አውሮፕላን ድንገት ሲናጥ የእናት ክንድ የቱንም ያህል ቢጠነክር ልጁን ሊይዘው አይችልም። በመኪና ውስጥ ያለ ሳልካል የማናስቀምጠውን ልጅ በሰማይ ላይ በእጃችን ብቻ መያዛችን ሊታሰብበት ይገባል። የመኪናውን መቀመጫ ለመውሰድ የምትፈልጉ፣ ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዳለበት አይታችሁ፣ አየር መንገዱ እንደሚቀበለው ጠይቁ።

ወንበር መግዛት የማይችልም አይሸማቀቅ፤ ብዙዎቻችን አንችልም። የአስተናጋጇን ተጨማሪ የሕፃን ቀበቶ ይጠይቅ፤ እንዴት እንደሚታሰርም ታሳየው። ስለ አንቀልባችን ግን አንድ ነገር ልበል። በአውሮፕላን ማረፊያው ረጅም መተላለፊያና በሰልፍ ላይ ከአንቀልባ የሚሻል ጋሪ የለም፤ ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ነው። ሲነሣና ሲያርፍ ግን ልጁ ከአንቀልባው ይውጣ። ልጅ አዝሎ ወንበር ላይ መደገፍም፣ በደረት ላይ አስሮ በራስ ቀበቶ ውስጥ ማስገባትም አደገኛ ነው፤ አውሮፕላኑ በድንገት ቢቆም የወላጁ ክብደት ልጁ ላይ ያርፋል።

አራተኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው። በስብሰባው ላይ አንድ አባት «ያ በ2019 የወደቀው አውሮፕላን አይደለም ወይ የምንሳፈረው?» ብለው ጠየቁኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መጋቢት 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወድቆ 157 ሰው አልቋል፤ ከሟቾቹ መካከል እስራኤላውያንም ነበሩ። ከአምስት ወር ገደማ በፊት ያው ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰው ሞቶ ነበር። ከአንድ የተሳሳተ የመለኪያ መሣሪያ መረጃ ተነሥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት እንደ ነበረበት ታወቀ። ያ ዓይነት አውሮፕላን በዓለም ሁሉ ከበረራ ታግዶ፣ ሥርዓቱ ከታረመ በኋላ ተመለሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መልሶ የጀመረው በየካቲት 2022 ነው። ይህን የምናገረው ለማስፈራራትም ለማባበልም አይደለም። የምትሳፈሩበትን የአውሮፕላን ዓይነት መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ቲኬቱ ላይም ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን አንድ ወላጅ በራሱ እጅ የሚቆጣጠረው ትልቁ የደኅንነት ነገር የልጁ መቀመጫና ቀበቶ መሆኑን እንዳትረሱ።

አምስተኛው፣ በረራው ቢሰረዝስ? ይህን ከጥቅምት 2023 ወዲህ ሁላችንም ተምረነዋል። ጦርነቱ ሲነሣ ብዙ የውጭ አየር መንገዶች ወደ እስራኤል መብረር አቆሙ፣ ተመለሱ፣ ደግሞም አቆሙ። በሰኔ 2025 ከኢራን ጋር በነበረው ጦርነት ቤን ጉሪዮን ራሱ ለቀናት ተዘጋ። በወዲያኛውም በኩል በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ የጎንደርና የባሕር ዳር በረራ ተቋርጦ፣ የእስራኤል መንግሥት ከሁለቱ ከተሞች ከ200 በላይ ሰው ወደ አዲስ አበባ አውጥቷል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤቱን የጉዞ ማስጠንቀቂያ አንብቡ። አየር መንገድ ስትመርጡም ሲሰረዝ ምን እንደሚያደርግ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበር ጠይቁ። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚበር ከሆነ የአንድ ቀን መሰረዝ ሳምንት ያስቆያችኋል።

ሕጉንም እወቁት። ከ2012 ጀምሮ የሚሠራው የአቪዬሽን አገልግሎት ሕግ፣ ሰው «ሖክ ቲቢ» የሚለው፣ ከእስራኤል ለሚነሣም ወደ እስራኤል ለሚመጣም በረራ ይሠራል። ሁለት ሰዓት ከዘገየ ምግብና መጠጥ፣ እንዲሁም ለቤተሰብ መልእክት የማስተላለፍ ዕድል ሊሰጣችሁ ይገባል። አምስት ሰዓት ከዘገየ ገንዘባችሁን መመለስ ወይም ሌላ ቲኬት መምረጥ ትችላላችሁ። ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ የገንዘብ ካሳ አለው። በ2025 ደግሞ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሆኑ ልዩ ድንጋጌዎች ተጨምረውበታል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ልጁን አቅፎ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያውቅ ግን ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ለልጁ ወተትና ማረፊያ ይጠይቃል።

ስለ ምግብ ባጭሩ ልናገር። ካሸር ምግብም ሆነ የልጆች ምግብ አስቀድሞ የሚታዘዝ ነው፤ ቲኬት ስትገዙ ለመሄጃውም ለመመለሻውም አስመዝግቡ። የአንድ ቀን ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስና መድኃኒት በእጃችሁ በምትይዙት ቦርሳ ይሁን እንጂ በትልቁ ሻንጣ አይግባ። አውሮፕላኑ ሲነሣና ወደ ታች ሲወርድ ጡት ወይም ጡጦ ስጡ፤ መዋጡ የጆሮውን ሕመም ያቀልለታል።

እንግዲህ ወደ ቲኬት ቢሮ ስትሄዱ የምትጠይቋቸውን ጥያቄዎች ቆርጣችሁ ትይዙ ዘንድ እነሆ፦

1. እስከ መጨረሻው ከተማ አንድ ቲኬት ነው ወይስ የተለያየ?
2. የሚነሣው ከየትኛው ቀን ለየትኛው አጥቢያ ነው? ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አውቶቡስ አለ?
3. ልጄ በመመለሻው ቀን ዕድሜው ስንት ይሆናል? ወንበር አለው?
4. የሕፃን አልጋው በስሜ ተይዟል? ለስንት ኪሎ ነው?
5. ለሕፃኑ ሻንጣና ጋሪ ይፈቀዳል? በአገር ውስጡ በረራስ?
6. ቀን ብለውጥ፣ ብሰርዝ ወይም ቢያመልጠኝ ስንት እቀጣለሁ?
7. እናንተ ብትሰርዙ በስንት ቀን ውስጥ ሌላ በረራ አለ?
8. ስማችን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በትክክል ተጽፏል? ሕፃኑም ቢሆን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋልና።

ስምንቱንም የሚመልስላችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ከእርሱ ግዙ። የማይመልስ ከሆነ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

ውድ አንባቢዎች፣ ወላጆቻችን እኛን ይዘው በእግር ሱዳን የገቡት፣ በአዲስ አበባም ወራት የጠበቁት ልጆቻቸውን ለማድረስ ነው። እኛ ዛሬ በተቃራኒው ልጆቻችንን ይዘን እዚያ የቀሩትን እናቶችና አባቶች ልናይ እንሄዳለን። አያት የልጅ ልጁን ሳያይ እንዳይሞት ብሎ መጓዝ ትልቅ ነገር ነው። በቲኬት አለማወቅ ምክንያት እንዳይበላሽ እንጠንቀቅለት።

ጣቢያው ላይ ሻንጣ ይዛ የተቀመጠች እናት ካያችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉ። «ወዴት ነው? በስንት ሰዓት ነው? ቲኬትሽን ልይልሽ?» በሏት። ከእኛ መሥሪያ ቤትም ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ደስ እያለን እናስተናግደዋለን፤ ከገዛ በኋላ ከሚመጣው ይልቅ እርሱን መርዳት ይቀልለናልና።

መንገዳችሁ የቀና ይሁን። በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።